የጋራ ድካም፣ የግል ባለመብት

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው፣ ፕሮግራመሮች የጻፉት የፕሮግራሙ ዝርዝር ትእዛዝ፣ ማለትም የምንጭ ኮዱ፣ ለማንኛውም ሰው ተገልጦ የሚታይ፣ የፈለገ ሁሉ ሊሠራበት፣ ሊያሻሽለውና ያሻሻለውንም ለሌላ ሊያስተላልፈው የሚችል ሶፍትዌር ነው። የአንድሮይድ ስልኮችም ሆኑ ኢንተርኔትን የሚያንቀሳቅሱት ሰርቨሮች አብዛኞቹ በውስጣቸው በዚህ መንገድ የተሠራ ኮድ አለባቸው፤ ኮዱንም የጻፉት ከፊሎቹ ደመወዝተኞች ሲሆኑ ከፊሎቹ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ያለ ክፍያ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ይህ የጋራ ሀብት ለትርፍ ከተቋቋመ ኩባንያ ጋር በተገናኘ ቁጥር ጠብ የሚነሣው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የሰዎችን ጠባይ፣ የአንዱን ወገን ስግብግብነትና የሌላውን ለጋስነት የሚያነሣ ነው። የየጠቡ ታሪክ በቅርብ ሲመረመር ግን ሥሩ የሚገኘው ከዚያ ይልቅ ደረቅ በሚመስል ቦታ፣ ኮዱ በማን መብት ሥር ነው በሚለው የሕግ ጥያቄ ውስጥ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስያሜው ታሪክ ራሱ ስለ ውጥረቱ ይመሰክራል። በ1983 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ ማስጀመሩን ሲያሳውቅ ዓላማው «ነጻ ሶፍትዌር» መሥራት ነበር፤ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል ግን ነጻነትንም፣ ያለ ዋጋ መሰጠትንም የሚያመለክት በመሆኑ ሐሳቡ እስከ ዛሬ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። የአማርኛው «ነጻ» የሚለው ቃልም ሁለቱን ትርጉሞች ይሸከማል፤ ሆኖም ቋንቋው መለያ አላጣም፤ «ነጻ ሰው» ሲባል ጌታ የሌለበት ሰው ማለት ሲሆን፣ «በነጻ ገባ» ሲባል ሳይከፍል ገባ ማለት ነው፣ ልዩነቱንም አንዲት «በ» ትይዘዋለች። የስቶልማን ሶፍትዌር ነጻ እንጂ የግድ በነጻ አይደለም፤ በገንዘብ ሊሸጥ ይችላል፣ የገዛው ሰው ግን በገዛው ነገር ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው። በ1998 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የኢንተርኔት ማሰሻውን ኮድ ክፍት ሊያደርግ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች የንግድ ሰዎችን የማያስበረግግ ስም ፈልገው «ክፍት ምንጭ» የሚለውን አወጡ፤ የትኛው ፈቃድ ለዚህ ስም እንደሚበቃ የሚመረምረው ኦፕን ሶርስ ኢኒሺየቲቭም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ስለዚህ ስያሜው ከልደቱ ጀምሮ ኩባንያዎችን ለመጋበዝ የወጣ ነው፤ እንግዶቹ ከገቡ በኋላ በመምጣታቸው መደነቅ አይገባም።

ጉዳዩን በሕግ በኩል የሚገዛው ፈቃድ የሚባለው ሰነድ ሲሆን፣ ባለመብቱ ኮዱን ለሚወስድ ሰው ምን እንደሚፈቅድለትና ምን ግዴታ እንደሚጥልበት ይናገራል። ፈቃዶቹ በዋናነት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው፣ ስቶልማን በ1989 ያወጣው ጂፒኤል የሚገኝበት ወገን፣ ኮዱን አሻሽሎ የሚያከፋፍል ሰው ማሻሻያውን በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ይህ አሠራር ኮፒሌፍት ይባላል። ሁለተኛው፣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የመጣው ቢኤስዲና የአፓቺ ፈቃድ የሚገኙበት ወገን፣ የጸሐፊዎቹ ስምና የፈቃዱ ቃል እስከተጠበቀ ድረስ ኮዱን በዝግ ምርት ውስጥ ማስገባትን ጭምር ይፈቅዳል። የሞዚላ ፈቃድ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሁሉም ግን የሚያስሩት ተቀባዩን እንጂ ባለመብቱን አይደለም፤ የቅጂ መብቱን የያዘ አካል ቀጣዩን እትም በፈለገው ሌላ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል፣ አስቀድሞ በክፍት ፈቃድ የሰጠውን እትም ግን መልሶ ሊወስደው አይችልም። ከእነዚህ ሁለት የሕግ ነጥቦች የመጀመሪያው ለኩባንያው ሐሳቡን የመለወጥ ሥልጣን ሲሰጠው፣ ሁለተኛው ለማኅበረሰቡ ተለይቶ የመሄድ መብት ይሰጠዋል። ተለይቶ መሄዱ፣ ማለትም የመጨረሻውን ክፍት እትም ይዞ በሌላ ስም ሥራውን መቀጠል፣ በባለሙያዎች ዘንድ ፎርክ ይባላል።

ብዙ ሰው የደከመበት ኮድ እንዴት በአንድ ኩባንያ እጅ ይጠቃለላል የሚለው ጥያቄ መልሱ፣ በርካታ ኩባንያዎች ኮድ የሚያበረክትን ሰው አስቀድመው በሚያስፈርሙት ስምምነት ውስጥ ነው። አበርካቹ በዚህ ስምምነት ወይ የቅጂ መብቱን ራሱን ለኩባንያው ያስተላልፋል፣ ወይ ደግሞ ኩባንያው ኮዱን በማናቸውም ሌላ ፈቃድ እንዲያወጣው ሰፊ ሥልጣን ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ገጠር ደቦ የወጣ ገበሬ የሚያጭደው እህል ማን ጎተራ እንደሚገባ ያውቃል፤ መሬቱ የጠሪው ነው፣ የእርሱም ድካም በተራው ይመለስለታል። በእንዲህ ያለ ስምምነት ሥር ኮድ የሚሰጥ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያርሰው የወል መሬት ይመስለዋል፤ ባለቤት እንዳለው የሚረዳው አጥሩ ሲታጠር ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በጀመረው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ላይ፣ ነገሩ ፍጹም የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ አበርካች ወይም አሠሪው በጻፈው ኮድ ላይ መብቱን እንደያዘ ስለሚቆይ፣ ባለመብቶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ፈቃዱን ለመለወጥም የእነርሱ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል። ኢንቴል፣ ጉግል፣ ሬድ ሃትና ሁዋዌ ደመወዝ እየከፈሉ ሠራተኞቻቸውን በከርነሉ ላይ ሲያሠሩ ኖረዋል፤ ከርነሉ ግን የማንኛቸውም አልሆነም። ይህ አንድ ትልቅ ነገር ያሳያል፤ አደጋው የኩባንያ ገንዘብ መግባቱ ሳይሆን መብቱ በአንድ እጅ መሰብሰቡ ነው።

የዚህ ጉዳይ ሙሉ ትምህርት የሚገኘው ሰን ማይክሮሲስተምስ ከተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውርስ ነው። ሰን በ1999 ስታርዲቪዥን የተባለውን የጀርመን ድርጅት ገዝቶ፣ የጽሕፈትና የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራሙን በ2000 ኦፕንኦፊስ በሚል ስም ክፍት አደረገው፤ በ2008 ደግሞ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ የሚሠራውን የስዊድን ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ዳታቤዝ መረጃ በሥርዓት የሚከማችበትና የሚፈለግበት ሶፍትዌር ሲሆን፣ የማይኤስኪውኤል ኩባንያ የሚተዳደረው ባለ ሁለት ፈቃድ በሚባለው ዘዴ ነበር፤ ኮዱን በጂፒኤል ለመቀበልና የራሱንም ክፍት ለማድረግ ለሚስማማ ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ የራሱን ኮድ ዘግቶ መያዝ ለሚፈልግ ድርጅት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይሸጣል። ዘዴው የሚሠራው መብቱ ሁሉ በአንድ እጅ ሲሆን ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ ያለ መብት ደግሞ በአንድ ቀን ሊሸጥ ይችላል።

በሚያዝያ 2009 ኦራክል ሰንን በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ። ኦራክል ዋና ገቢው በዝግ ፈቃድ ከሚሸጠው ዳታቤዝ ስለነበረ፣ ግዢው ሲጠናቀቅ በዓለም በስፋት የሚሠራበት ክፍት ዳታቤዝ በትልቁ የዝግ ዳታቤዝ ሻጭ እጅ ይወድቃል ማለት ነበር፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በዚህ ምክንያት ጥልቅ ምርመራ ከፍቶ፣ ኦራክል ስለ ማይኤስኪውኤል አያያዝ በይፋ ቃል ከገባ በኋላ በጥር 2010 ግዢውን ፈቀደ። ከማይኤስኪውኤል መሥራቾች አንዱ የሆነው ፊንላንዳዊው ማይክል ዊዴንየስ ግዢውን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር፤ እርሱ ከሰን ቀድሞ በመልቀቅ የኮዱን ፎርክ በታናሽ ልጁ ስም ማሪያዲቢ ብሎ ሰይሞ ሥራ ጀምሯል። ኩባንያውን ከነመብቱ ከሸጡት ሰዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ቀጣዩን ሽያጭ መቃወሙ ሊያስወቅሰው ይችላል፤ ተቃውሞው ግን ስሕተት አልነበረም፣ የዘገየ እንጂ። ጂፒኤል ኮዱን ይዞ የመሄድን መብት ስላስከበረለት ማሪያዲቢ በሕይወት ቆመ፤ የቀድሞውን የንግድ ፈቃድ የመሸጥ መብት ግን ይዞ መሄድ አልቻለም፣ ምክንያቱም እርሱ በኦራክል እጅ ቀርቷል።

የኦፕንኦፊስ ታሪክ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው። በመስከረም 28 ቀን 2010 የፕሮግራሙ ዋና ዋና አበርካቾች ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ነጻ ተቋም መመሥረታቸውን ሲያስታውቁ፣ ኦራክል አባል እንዲሆንና ኦፕንኦፊስ የሚለውን ስም እንዲለግሳቸው ጋበዙት፤ ኦራክል ግን ስሙን አልሰጠም፣ ይልቁንም የአዲሱ ተቋም አባላት ከኦፕንኦፊስ ምክር ቤት እንዲለቁ ጠየቀ። እነርሱም ኮዱን ይዘው ሊብሬኦፊስ በሚል አዲስ ስም ቀጠሉ፤ ኡቡንቱን የመሳሰሉት የሊኑክስ ስርጭቶችም ብዙ ሳይቆዩ ወደ አዲሱ ተሻገሩ። በሚያዝያ 2011 ኦራክል ለንግድ የሚያቀርበውን ኦፕንኦፊስ ማቆሙን አስታውቆ፣ በሰኔ ኮዱንና ስሙን ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ። አበርካቾቹ በተለዩ ጊዜ በሕግ ዓይን ከኦራክል እጅ የወጣ ነገር አልነበረም፤ ኮዱም፣ የቅጂ መብቱም፣ የንግድ ምልክቱም የእርሱ ነበሩ። የሄዱት ኮዱን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ከሄዱ በኋላ በኦራክል እጅ የቀረው ስም በዓመት እንኳ ያልሞላ ጊዜ ውስጥ ዋጋው ጠፋ። ዛሬ የአማርኛ ገጽታ ያለው፣ በአማርኛም ለመጻፍ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ የዚያ መለየት ፍሬ ነው። በዚያው ጊዜ ሃድሰን የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ጄንኪንስ ሆኖ ተለየ፣ ኦፕንሶላሪስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ኢሉሞስ ሆኖ ቀጠለ፤ ሁሉም ከአንድ ግዢ የተወለዱ ናቸው።

ከ2010 ወዲህ የጠቡ መልክ ተለወጠ፤ ምክንያቱም ሶፍትዌር የሚሸጥበት መንገድ ተለወጠ። ክላውድ በሚባለው አሠራር ደንበኛው ሶፍትዌሩን ገዝቶ በራሱ ኮምፒውተር አይጭንም፤ ሶፍትዌሩን ከነሰርቨሩ በኢንተርኔት በኩል ይከራያል። ጂፒኤል ኮዱን የመክፈት ግዴታ የሚጥለው ሶፍትዌሩን በሚያከፋፍል ሰው ላይ ሲሆን፣ የሚያከራይ ግን ቅጂ ለማንም ስለማይሰጥ ግዴታው አይደርስበትም፤ ቢኤስዲና አፓቺማ ከመጀመሪያውም እንዲህ ያለ ግዴታ የላቸውም። ሻይ ባኖን የተባለ እስራኤላዊ ፕሮግራመር በ2010 ያወጣውን ኢላስቲክሰርች የተባለ የመረጃ መፈለጊያ አማዞን ከ2015 ጀምሮ እንደ አገልግሎት ሲሸጥ የተከተለው ፈቃዱን ነው፤ ኮዱን የጻፈው ኩባንያ ግን ከኪራዩ የሚደርሰው ነገር አልነበረም። ኩባንያው ኢላስቲክ በ2019 ስሙን ያለአግባብ ተጠቅሟል ብሎ አማዞንን ከሰሰ፣ በጥር 2021 ደግሞ የአፓቺን ፈቃድ ተወ፤ አማዞንም የመጨረሻውን ክፍት እትም ወስዶ በሚያዝያ ኦፕንሰርች የተባለውን ፎርክ አስተዋወቀ። ሞንጎዲቢ የተባለው የዳታቤዝ ኩባንያ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2018 ሶፍትዌሩን እንደ አገልግሎት የሚያከራይ ሁሉ የሚያስተዳድርበትን ሶፍትዌር ጭምር ክፍት እንዲያደርግ የሚያስገድድ አዲስ ፈቃድ አውጥቶ ነበር፤ ኦፕን ሶርስ ኢኒሺየቲቭ ግን በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ለይቶ ሸክም የሚጭን ፈቃድ ክፍት ምንጭ ሊባል አይገባም ብሎ በ2021 በይፋ ተናገረ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ የኩባንያዎቹም ቅሬታ ሐሰት አይደለም። የአንድን አነስተኛ ኩባንያ የዓመታት ሥራ የዓለም ግዙፉ የክላውድ አከራይ ያለ ምንም ድርሻ ሲሸጠው ጸሐፊዎቹ መበደላቸው አይካድም። ስሕተታቸው ሌላ ነው፤ ኮዱን በክፍት ፈቃድ አስተዋውቀው፣ በሌሎች ሰዎች ድካምና እምነት ገበያ ከያዙ በኋላ ውሉን ብቻቸውን መለወጣቸው ነው።

ሃሺኮርፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 ያደረገው ይህንኑ ነው። ኩባንያው ሰርቨሮችን በጽሑፍ ትእዛዝ ለማዘጋጀት የሚያገለግለውን ቴራፎርምን ለዓመታት በሞዚላ ፈቃድ ሲያወጣ ቆይቶ፣ በነሐሴ 10 ቀን ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ ወደተባለ ፈቃድ አዛወረው፤ ይህ ፈቃድ ኮዱ እንዲታይና እንዲሠራበት ቢፈቅድም ከኩባንያው ጋር የሚፎካከር አገልግሎት መስጠትን ይከለክላል፣ ቢበዛ ከአራት ዓመት በኋላም እያንዳንዱ እትም ወደ ክፍት ፈቃድ ይለወጣል። የፈቃዱ አመጣጥ ልብ ሊባል ይገባል፤ ይህን ፈቃድ ያወጣው፣ ማይኤስኪውኤልን ከኦራክል ለማዳን የታገለው ዊዴንየስ የመሠረተው የማሪያዲቢ ወገን ነው፣ የማሪያዲቢ ኩባንያም በ2016 ማክስስኬል ለተባለ ምርቱ ተጠቅሞበታል። በክፍት ፈቃድ ብቻ ኩባንያን ማኖር እንዴት እንደሚከብድ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም፤ ችግሩን ከውስጥ የሚያውቅ፣ ስለ ነጻነትም በአደባባይ የተሟገተ ሰው እንኳ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ፈቃድ አስፈልጎታል። የቴራፎርም ተጠቃሚዎች በበኩላቸው በአንድ ወር ከምናምን ቀን ውስጥ ኦፕንቶፉ የተባለውን ፎርክ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር አቋቋሙ፤ አይቢኤም ደግሞ በሚያዝያ 2024 ሃሺኮርፕን በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ።

የሬዲስ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው የመብት ማስተላለፊያ ስምምነት እንኳ ሳያስፈልገው መዘጋቱ ነው። ሲሲሊያዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2009 የጀመረው ይህ ፈጣን የመረጃ ማከማቻ በቢኤስዲ የወጣ በመሆኑ፣ የንግድ ምልክቱን የያዘው ኩባንያ ልክ እንደማንኛውም ሰው የአበርካቾቹን ኮድ ወስዶ ቀጣዩን እትም በዝግ ፈቃድ ማውጣት ይችል ነበር፤ በመጋቢት 2024ም አደረገው። በቀናት ውስጥ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ቫልኪ የተባለውን ፎርክ ሲያስታውቅ ከደጋፊዎቹ መካከል አማዞን፣ ጉግል ክላውድና ኦራክል ይገኙ ነበር። ሬዲስ በግንቦት 2025 ከፈቃዶቹ አንዱ አድርጎ ኤጂፒኤልን፣ ማለትም በአገልግሎት የሚያከራዩትንም የሚያስገድደውን የጂፒኤል ዓይነት፣ ጨመረ፤ ኢላስቲክም በነሐሴ 2024 ይህንኑ አድርጎ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች ከጠቡ በኋላ የተመለሱበት ይህ ፈቃድ ከ2007 ጀምሮ የነበረ ነው። ሲጀምሩ መርጠውት ቢሆን ኖሮ አማዞን ሸክሙን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፣ አበርካቾቹም በጀርባቸው የሚለወጥ ውል ባልገጠማቸው።

በቫልኪ ደጋፊዎች ዝርዝር ውስጥ የኦራክል ስም መገኘቱ «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ምን ያህል በጥንቃቄ መነገር እንዳለበት ያሳያል። ከዘጋው ኩባንያ የተለየው ወገን ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ብቻ የተሰበሰቡበት አይደለም፤ ከጀርባው ሌሎች ኩባንያዎች፣ አንዳንዴም ራሳቸው ለጠቡ ምክንያት የሆኑት ግዙፎች ይቆማሉ። ግዙፍ ደጋፊ ያላገኘ ሥራ ዕጣው ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2014 ታይቷል፤ በኢንተርኔት የሚተላለፍን መረጃ የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ሃርትብሊድ የተባለው ከባድ ቀዳዳ በተገኘበት ጊዜ፣ ባንኮችና ትልልቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች የሚተማመኑበትን ይህን ኮድ የሚጠብቁት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ኮዱ በአንድ ባለመብት እጅ ሲወድቅ ሊዘጋ እንደሚችል ሁሉ፣ ሁሉም ሲሠራበት ማንም ካልከፈለለትም ይበሰብሳል፤ ይህ ሁለተኛው በደል ከመጀመሪያው ያነሰ ጫጫታ ስላለው ብቻ ቀላል ሊባል አይገባም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ አይደለም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በሚያስተባብረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማ ነው። የሞሲፕ ፈቃድ ቴራፎርም የነበረበት ያው የሞዚላ ፈቃድ ነው፤ የዲኤችአይኤስ2 ፈቃድ ሬዲስ የነበረበት ያው ቢኤስዲ ነው። ስለዚህ «ክፍት ምንጭ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ለነገ ዋስትና አይሆንም፤ የሁለቱን ሥርዓቶች ሁኔታ ከቴራፎርምና ከሬዲስ የሚለየው በባለአክሲዮኖች ተገፍቶ ፈቃድ የሚለውጥ ኩባንያ ሳይሆን የትምህርት ተቋም የሚመራቸው መሆኑ ነው። ሁኔታው ቢለወጥ እንኳ የመጨረሻውን ክፍት እትም ይዞ የመቀጠል መብት ለኢትዮጵያም እንደማንኛውም የተጠበቀ ነው፤ ሊብሬኦፊስ እንዳሳየው ግን ይህ መብት የሚጠቅመው ኮዱን የሚያውቅ ሰው ላለው ብቻ ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዜጎች መታወቂያና የጤና መረጃ የሚያድርበትን ሶፍትዌር የሚመርጥ መሥሪያ ቤት፣ ሥርዓቱን ለመትከል በሚመድበው በጀት ውስጥ ኮዱን አንብበው የሚያርሙና ለዋናው ሥራም የሚያበረክቱ የራሱን ፕሮግራመሮች ደመወዝ አብሮ ሊያስገባ ይገባዋል። የሁለቱም ሥርዓቶች የምንጭ ኮድ በይፋ ተቀምጧል፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር ዛሬ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።